ያልተዘረጋው አጎበር

ሰው ከሌላው ፍጡር ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ስለ ሕይወቱና ስለ ሞቱ መጠየቁ ነው። ይህን ነገር አያሌ ሊቃውንት ጽፈውታል፤ እኔም በመምህርነቴ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን የጥያቄው ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ በአሶሳ ከተማ በገዛ ቤቴ ከደረሰብኝ ሐዘን ነው።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በክልሉ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ ከሌላውም የአገራችን ክፍል የመጣው ሕዝብ ይኖራል። ምድሩ ማንጎ የሚያፈራ፣ ሽመል የሚያበቅል ለጋስ ምድር ነው። ይሁን እንጂ ክረምቱ አልፎ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ወባ ይበረታል።

ታናሽ ወንድሜ ሊጠይቀኝ የመጣው ከመስቀል በዓል በኋላ ነበር። ያደገው በደጋ ስለ ሆነ ደሙ ወባን አያውቅም። በቤቴ ሁለት አጎበሮች ነበሩ፤ አንደኛው ከአልጋዬ በላይ ተዘርግቷል፤ ሁለተኛው እንደ ታጠፈ በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሚስማር መትቶ መስቀል ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። እኔ ግን «ነገ» አልሁ፤ በማግሥቱም «ነገ» አልሁ። ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ወንድሜን ብርድ ብርድ አለው፤ ራሱንም አመመው። ምች የመታው መስሎኝ ዳማከሴ አሽቼ ሰጠሁት። ሐኪም ቤት የወሰድሁት በአራተኛው ቀን ነው፤ በአምስተኛው ቀን ዐረፈ።

ለቀስተኛው ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኝ ነበር። ቃሉን የተናገሩት ከፍቅር እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዓይኔ ወደ ሣጥኑ ያይ ነበርና መጽናናት አልሆነልኝም።

ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ የሥነ ሕይወት መምህር የሆነ ባልንጀራዬ ስለ በሽታው ገለጸልኝ። ሴቷ አኖፌሊስ ትንኝ ዕንቁላሏን ለመጣል ደም ያሻታል፤ ስትነክስም ፕላስሞዲየም የተባለውን በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ በሰው ደም ውስጥ ትተዋለች። ተሕዋሲው በመጀመሪያ በጉበት ይራባል፤ ከዚያም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። የጥንት ጣልያኖች ግን በሽታው ከረግረግ አየር የሚመጣ መስሏቸው «ክፉ አየር» ብለው ጠሩት፤ ማላሪያ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። ተሕዋሲውን በሰው ደም ውስጥ ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በአልጄሪያ ሳለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስም በ1897 በሕንድ አገር ይኸንኑ ተሕዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። በአገራችንም በ1950 መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ያን ያህል ሕዝብ ያለቀው፣ እንደ ወንድሜ ሁሉ ደሙ በሽታውን ያልለመደ ስለ ነበረ ነው።

ሳይንስ ወንድሜ እንዴት እንደ ሞተ አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። እኔ ግን የጠየቅሁት ሌላ ነበር፤ ይኸውም «ገደልሁትን?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለንስሐ አባቴ አቀረብሁ። እርሳቸውም የኢዮብን ነገር አስታወሱኝ። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የመከራውን ምክንያት እናውቃለን ብለው መናገር በጀመሩ ጊዜ ግን ተሳሳቱ፤ በመጨረሻም የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። «ስለዚህ ልጄ፣ ፈቃዱን ተርጉሜ ልነግርህ አልደፍርም፤ አብሬህ ግን እቀመጣለሁ» አሉኝ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የበርታ ሼኽም ሊያጽናኑኝ መጥተው ነበር። «መምህር፣ አላህ የጻፈው አይቀርም» ካሉኝ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይስ አስሬ ልመካ ብሎ ነቢዩን ስለ ጠየቀው ሰው አወሩልኝ። መልሱም በመጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያም መመካት የሚል ነው። ሼኹ ስለ አጎበሩ አያውቁም ነበር። እኔ ግን ያልታሰረውን ግመል አወቅሁት።

በሣጥኔ ፊት ተቀምጬ ሳሰላስል፣ ቀድሞ ያነበብሁት የሁለት ሊቃውንት ክርክር ትዝ አለኝ። አል ጋዛሊ፣ እሳት ጥጥን ሲያቃጥል የምናየው መከታተልን ብቻ ነው፤ ማቃጠል የአምላክ እንጂ የእሳት ሥራ አይደለም ብሎ ጽፏል። ከሞተ (1111) በኋላ የተነሣው ኢብን ሩሽድ (1126–1198) ደግሞ፣ የነገሮችን ምክንያት የካደ ሰው አእምሮን ራሱን ይክዳል ሲል መለሰለት። ክርክሩ ለእኔ የሩቅ ዘመን ወሬ መሆኑ ቀረ። ወንድሜን የገደለው ትንኝ ነውን? ቀኑ መድረሱ ነውን? ወይስ የእኔ «ነገ» ነው?

ሳይንስ «እንዴት» የሚለውን፣ ሃይማኖት «ለምን» የሚለውን ይመልሳሉ፤ ሁለቱም በየአጥራቸው ቢኖሩ ጠብ የለም ይባላል። እኔም እንደዚሁ ሳስተምር ኖሬአለሁ። አሁን ግን አጥሩ በአንድ ቦታ የሚቆም እንዳልሆነ ይታየኛል። ከ1897 በፊት አንድ ሰው በወባ ሲሞት ብዙዎች «የአምላክ ፈቃድ ነው» ወይም «ክፉ አየር ነው» ይሉ ነበር፤ ትንኝን ባለመከላከሉ የሚወቀስ ወንድምም አልነበረም። ምክንያቱ ከታወቀ ወዲህ ግን ለዕጣ ፈንታ ትተነው ከነበረው ነገር ከፊሉ ወደ እጃችን ገባ። እንግዲህ ዕውቀት ብርሃን ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። አንድ ነገር ባወቅን ቁጥር የምንጠየቅበት ነገር ይጨምራል።

ነገር ግን ዕዳውን የሚያስቆጥረው ሳይንስ ራሱ አይደለም። ሳይንስ አጎበር ትንኝን ይከለክላል ይላል እንጂ ለወንድምህ ዘርጋለት አይልም። ይህን ትእዛዝ የሰጠኝ ሃይማኖቴ ነው። ጥፋቴንም በልኩ እንድመዝን ያስተማረኝ ፍልስፍና ነው። ማወቅና መቻል በእጄ ስለ ነበሩ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ለማለት አልችልም፤ ሞቱን ስላልፈለግሁ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ማለት ሐሰት ነው። ቸልተኛ ነበርሁ። ይህ ስም ከሁለቱም ይልቅ የሚያም ሆኖ፣ እውነቱ ግን እርሱ ነው። ፍልስፍና ጥፋቴን ከመዘነልኝ በኋላ ሚዛኑን በፊቴ አስቀምጦ ሄደ፤ ሸክሙን ሊያነሣልኝ አልቻለም። ይቅርታን የፈለግሁት በንስሐ አባቴ ዘንድ ነው።

በአሶሳ አካባቢ የሚበቅለው ሽመል ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ዘሩን አራግፎም ደኑ በሙሉ በአንድነት ይደርቃል። የዕፀዋት አጥኚ ከወደቀው ዘር አዲስ ደን እንደሚነሣ ያስረዳናል። ሽመሉ ግን ስለ ምን እንደ ደረቀ አይጠይቅም፤ በአጠገቡ ስለ ወደቀው ሽመልም አይጸጸትም። መጠየቅና መጸጸት ለሰው ብቻ የተሰጡ ናቸው። የሚያስጨንቁን እነርሱ ናቸው፤ ሰው የሚያሰኙንም እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ብለህ ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም። በሐዘኔ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ወይ በሐሰት እጽናና፣ ወይ በእውነት እጠፋ እንደ ነበረ ግን አውቃለሁ። በየዓመቱ የመስቀል ደመራ ሲበራ ለተማሪዎቼ ከትምህርቱ አስቀድሜ በየቤታቸው የታጠፈ አጎበር እንዳለ እጠይቃቸዋለሁ። ሁለተኛውንም አጎበር በእንግዳ አልጋ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም አላነሣውም።