ጋቢና ባና

ጋቢ ለእኛ ልብስ ብቻ አይደለም። ጠዋት ቡና ይጠጣበታል፣ ማታ ይተኛበታል፣ ታማሚ ይጠየቅበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል። ልጇን ሩቅ አገር የምትሸኝ እናት ሌላው ሁሉ ቢቀር ሻንጣው ውስጥ ጋቢ ሳትከት አትሰናበተውም። እኔም የጋቢ ወዳጅ ነኝ፤ ይህችን ጽሑፍ የምጽፈውም ጋቢ ተከናንቤ ነው። ዳሩ ግን ወዳጅም ቢሆን እስከ የት እንደሚያዛልቅ ማወቅ ያስፈልጋልና፣ ዛሬ ስለ ጋቢ ደስ የማይል ነገር ልናገር ነው። ዝናብና ንፋስ ባለበት ተራራ ላይ ጋቢ አያድንም። እንዲያውም ይገድላል።

የከተማው ሰው ተራራ መውጣትን እየለመደ መጥቷል። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ፣ ወደ ወንጪ፣ ወደ ዝቋላ የሚጓዘው ብዙ ነው። ረዘም ያለ ዕረፍት ያገኘ ደግሞ ሰሜን ተራሮችንና ባሌን ያልማል። እኔን ይህ ፍቅር ከያዘኝ ቆይቷልና አዳዲስ ተጓዦች ምክር ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ? ድንኳኑስ? ቦርሳውስ?» የሚል። እኔም መልሼ፣ «ለመሆኑ ምን ለብሰህ ነው የምትሄደው?» እላለሁ። «ቲሸርትና ጂንስ። ለብርዱ ደግሞ ጋቢ አለኝ» ይለኛል። ሦስቱም ጥጥ ናቸው!

የጥጥ ክፋቱ ምንድን ነው? ደረቅ ሲሆን ምንም ክፋት የለውም። ሙቀታችንን የሚጠብቅልን ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በክሮቹ መካከል የታመቀው አየር ነው። ጥጥ ሲርስ ግን ውሃውን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ የአየሩን ቦታ ውሃ ይወርሰዋል። ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። የበግ ፀጉር ጠባዩ ሌላ ነው። የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ፣ ክሩ ጥምዝምዝ ስለሆነ አየር መያዙን አይተውም። ፍሊስ የሚባለው የፖሊስተር ሹራብም ውሃ የሚጠጣው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጨምቀው ቢያራግፉት ቶሎ ይደርቃል። በዚህ ላይ የከፍታው ነገር አለ። ሽቅብ ስንወጣ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት ማንበብ ይቻላል። እኔ ግን በዓይኔም አይቼዋለሁ። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች ሄጄ ነበር። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ በእግር እየተጓዝን ሳለ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ግጭ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ንፋሱ ሳይቆጠር ከአዲስ አበባ 8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ እናቱ ፈትላ ያሠራችለትን አዲስ ጋቢ ከቦርሳው አውጥቶ ተከናነበ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢው ከቦርሳው ይልቅ የሚከብድ ሆነ። ልጁ በመጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጭ ጀመር። ከዚያ ዝም አለ። ሜዳው ላይ ይደናቀፍ ጀመር።

አብረውን የነበሩት ስካውት ጠና ያሉ የአገሩ ሰው ናቸው። ጠብመንጃቸውን እንደያዙ ቀረብ ብለው ፊቱን አዩት።

«ልጄ፣ እስቲ ስምህን ንገረኝ» አሉት።

ነገራቸው። ነገር ግን ምላሱ ተሳስሮ ነበር።

«በል ይህን አውልቀው።»

«የእናቴ ነው» አላቸው።

«እናትህ የሰጠችህ እንድትሞቅበት ነው፤ እንድትገነዝበት አይደለም!»

ከአንድ አለት ሥር ከንፋስ አስጠግተን እርጡን ልብስ ሁሉ አወለቅንለት። ደረቅ ሹራብ አለበስነው፤ ቦርሳዎቻችንን አንጥፈን ከመሬቱ ለየነው። ሽማግሌው ከትከሻቸው ያወረዱትን የበግ ፀጉር ባና ደረቡለት። ባናው ራሱ እርጥበት ነክቶታል፤ ያም ሆኖ ያሞቃል። ስኳር የበዛበት ሻይ ከፔርሙዝ ቀድተን በትንሽ በትንሹ አጠጣነው። አንዱ ጓደኛችን አረቄ ሊያቀምሰው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። «አረቄ የሚጠጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። አልኮል የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ሰው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ከውስጥ የቀረችውን ሙቀት ወደ ውጭ ያፈሳታል። ልጁ እንደገና ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኛ ደነገጥን፤ እሳቸው ግን ደስ አላቸው። መንቀጥቀጥ ሰውነት ሙቀት ለመሥራት የሚያደርገው ትግል ነውና፣ የሚያስፈራው ብርዱ ሳይለቅ ሲቆም ነው።

እኚህ ሰው ይህን ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም። ደገኛው በየዘመኑ በብርድ የተገረፈ ስለሆነ መልሱን ከበጉ ላይ አግኝቶታል። የመንዝ ባናና በርኖስ፣ የእረኛው ለምድ፣ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ሁሉም ከበግ የመጡ ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እረኛው ከላይ ገሳውን ይደርባል፤ ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከውስጥ የሚያሞቅ፣ ከውጭ ውሃና ንፋስ የሚመልስ ማለት ነው። ዛሬ የተራራ ዕቃ ሻጮች በብዙ ገንዘብ የሚሸጡልን ድርብርብ ልብስ ከዚህ የተለየ ሐሳብ የለውም። እኛ የከተማ ልጆች ደበሎን የድህነት ምልክት አድርገን ስናይ፣ ትምህርቱም አብሮ አመለጠን።

«ይህ በረዶ አገር ላሉ ሰዎች እንጂ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር የሆነውን ያስታውሷል። 172 ሯጮች 100 ኪሎ ሜትር በተራራ ላይ ለመሮጥ ተነሡ። ብዙዎቹ የለበሱት ቁምጣና ስስ ቲሸርት ነበር፤ የንፋስ መከላከያ ጃኬትም በግዴታ ከሚያዙ ዕቃዎች ውስጥ አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ በረዶ፣ ዝናብና ኃይለኛ ንፋስ ደረሰባቸው። 21 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ በረዥም ርቀት ሩጫ ስመ ጥር የነበረው ሊያንግ ጂንግ ነው። ጉልበት ከብርድ እንደማያድን ከዚህ በላይ ምስክር ያስፈልጋልን? በዚያው ቀን ዙ ኬሚንግ የተባለ በግ ጠባቂ ስድስት ሯጮችን አተረፈ። ለክፉ ቀን ልብስና ምግብ ያስቀመጠበት ዋሻ ነበረው፤ ወደዚያ አስገብቶ እሳት አነደደላቸው። እዚያም ቢሆን ሰው ያዳነው የእረኛ ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ ምክሬን ላሳጥር። ከገላ ቀጥሎ የሚለበሰው ጥጥ አይሁን። ገንዘብ ያጠረው ልባሽ ልብስ ተራ ገብቶ መለያውን እያነበበ የበግ ፀጉር ወይም ፖሊስተር ሹራብ ይፈልግ፤ ርካሽ ነው፣ ሥራውንም ይሠራል። ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ እሱ ከሌለ ወፍራም ላስቲክ ይያዝ። የሱፍ ቆብ፣ ጓንትና ትርፍ ካልሲ ክብደት የላቸውም። አንድ ሙሉ ደረቅ ቅያሪ በፌስታል ታስሮ እስከ ማታ አይፈታ። ሽቅብ ሲወጡ ሳያልብዎ ልብስ ይቀንሱ፤ ሲቆሙ ሳይበርድዎ ይጨምሩ፤ ላብም ውሃ ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን ጎን ለጎን የሚሄደውን ሰው ይመልከቱት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ብርድም እንዲሁ ነው፤ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አእምሮም አብሮ ስለሚደክም፣ የተጎዳው ሰው «ደኅና ነኝ» ይላል። አይመኑት። የሚነጫነጭ፣ የሚንተባተብ፣ ዕቃ ከእጁ የሚወድቅበት፣ የሚደናቀፍ ካዩ ጉዞው እዚያው ላይ ያብቃ። ከንፋስ ይከልሉት፣ ያድርቁት፣ ከመሬት ይለዩት፣ ይሸፍኑት፤ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ይስጡት። እጅና እግሩን አያሹት። መንቀጥቀጡ ቆሞ ከደነዘዘ በቀስታ ይያዙት፣ ፈጥነውም ሰው ይጥሩ፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ጋቢውን ይዘው መሄድ ቢፈልጉ አልከለክልም። በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ድንኳን ተተክሎ፣ እርጥቡ ወልቆ፣ ደረቁ ከተለበሰ በኋላ ይውጣ። ያን ጊዜ ከጋቢ የሚበልጥ የለም።