ደህና ነኝ ብሎ ኪኒን ማቆም

«ግፊቴ ወረደ፣ ኪኒኑን ተውኩት» የሚባል ነገር ዛሬም ቡና ላይ ተነሳ። የወረደው እኮ ኪኒኑ ስለያዘው ነው! የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ከ140/90 በላይ ሆኖም ሰው ይሠራል፣ ይስቃል፣ ልብና ኩላሊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳሉ። ስለዚህ «ራሴን አላመመኝም» ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው መለኪያው ነው፤ እሱም ከቡና 30 ደቂቃ ቆይቶ፣ 5 ደቂቃ አረፍ ብሎ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ሲለካ።

«ዕድሜ ልክ መዋጥ ሱስ ነው» ለሚሉ፦ ሱስ አይደለም። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን እውነት ነው፤ እግር የሚያሳብጥ አለ፣ ደረቅ ሳል የሚያመጣም አለ። ያኔ ለሐኪም ነግሮ ማስቀየር ነው እንጂ በራስ ሥልጣን ማቆም ምን ይሉታል? ጨው መቀነስም ይረዳል፤ የታዘዘን ኪኒን ግን አይተካም።

እናንተ ቤት በራሱ ያቆመ አለ? እስቲ ዛሬ አስለኩት።