ለፎቶው ስም ፍለጋ

እንግሊዝኛው «ቬልቬት አንት» ይለዋል። በአማርኛ «የከፋይ ጉንዳን» ብንለው ያስኬዳል፤ ገላው እንደ ከፋይ ጨርቅ በፀጉር የተሸፈነ ነውና። ጉንዳን ግን አይደለም፣ ተርብ ነው። ሴቷ ክንፍ ስለሌላት መሬት ለመሬት ስትሮጥ ያየ ሰው ጉንዳን ናት ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ወንዱ ክንፍ አለው፣ ይበራል፣ አይናደፍም። መናደፊያው ያለው ሴቷ ጋ ብቻ ነው፤ እሱም ክፉኛ ያማል።

ይህን እንዳውቅ ያደረጉኝ አክስቴ ናቸው። የሚኖሩት ላስ ቬጋስ ነው፤ የአገራችን ሰው የበዛባት፣ ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ያለች ከተማ። ባለፈው ክረምት፣ እኛ ጋ ዝናቡ ሲወርድ እነሱ ጋ ሌሊቱም አልበርድ ብሎ ሳለ፣ አንድ በራሪ ነገር የበረንዳቸው መብራት ላይ አረፈ። የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ሊይዘው ሲል ደርሰው አስጣሉት። ፎቶ አንስተው ላኩልኝና «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ እንዴ? ይሄ ነገር ልጄን ይገድልብኛል ወይስ አይገድልብኝም?» አሉኝ። ቤቱን መርዝ ሊያስረጩ ተነስተዋል።

እስቲ እንግዲህ አጣራ! ፎቶው ላይ ያለው ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። በቀለም መፍረድ አያዋጣም፤ የዚያ በረሃ የሌሊት ዝርያዎች አብዛኞቹ እንደዚሁ ናቸው። አናቱ ላይ ሦስት የሚያብረቀርቁ ትልልቅ ነጥቦች አሉ። ተጨማሪ ዓይኖች ናቸው፣ ሌሊት በሚበሩ ተርቦች ላይ ይተልቃሉ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎች የሌሊት ተርቦችም አሏቸው፣ ከነሱም የሚናደፉ አሉ። «እትዬ፣ ከጎኑ ደግመው ያንሱልኝ» አልኳቸው። ከጎን ሲታይ ፀጉራም ነው፤ ሆዱ ሲጀምር እንደ አገዳ ቀጥኖ ከዚያ ያብጣል። ወንድ የከፋይ ጉንዳን ነው።

ዝርያውስ? እዚህ ላይ ፎቶ አቅም ያጣል። ኦዶንቶፎቶፕሲስ የሚባለውን ወገን ለመለየት ገልብጦ ከደረቱ ሥር ያሉትን እብጠቶች ማየት ያስፈልጋል። ስፌሮፕታልማ ከሆነ ደግሞ ፀጉሩ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ መሆኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከዚያ መንጋጋው፣ ከዚያም የወንዱ ብልት ይመረመራል። ወንድና ሴት ጨርሶ ስለማይመሳሰሉ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ለአንድ ዝርያ ሁለት ስም የሰጡበት ጊዜ አለ። ወንዶቹ መብራት ስለሚስባቸው በብዛት ይያዛሉ፣ ሴቶቹ አሸዋው ላይ ተበትነው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፒልግሪምና ፒትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ወንዱን ከሴቷ በዲኤንኤ የሚያዛምድ ዘዴ አሳተሙ። ባልና ሚስትን በላቦራቶሪ ማገናኘት ማለት ይሄ ነው መቼም።

ለአክስቴ ግን የዝርያው ስም ምን ያደርግላቸዋል? «ይሄኛው አይናደፍም። ሴቶቹ ግን ሌሊት መሬት ላይ ይሄዳሉ፣ ልጁን በባዶ እግሩ አያውጡት» አልኳቸው። መርዙ ቀረ፣ ጫማ ተገዛ።

ፎቶውን አስፈቅጄ ለፎቶ ጋዜጠኝነት የቤት ሥራ አቀረብኩት። አንድ ጓደኛዬ «ኦዶንቶፎቶፕሲስ በለውና ተገላገል፤ ማን ያጣራብሃል?» አለኝ። እውነቴን ነው፣ ስሙ ያምራል። እኔ ግን ደረቱን ገልብጬ አላየሁም። ከፎቶው ሥር የጻፍኩት «ወንድ የከፋይ ጉንዳን፣ ከሌሊት በራሪዎቹ አንዱ፤ ላስ ቬጋስ፣ የበረንዳ መብራት ላይ» የሚል ነው። ጓደኛዬ እስከዛሬ «ስም የለሹ» እያለ ያበሽቀኛል።