ለንደን «በርቱ» ስትል

ለንደንን ለመጎብኘት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ቢግ ቤንን፣ ቤተ መንግሥቱንና ቀዩን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል ወር መጨረሻ አካባቢ ከደረሱ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ያያሉ። የማራቶኑ እሑድ ሲመጣ፣ በባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳን የማይነጋገሩት የከተማዋ ሰዎች መንገድ ዳር ወጥተው ለማያውቁት ሯጭ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይጮኻሉ። ለማየት ክፍያ የለውም፤ ልጆችዎን ይዘው ጠርዝ ላይ መቆም ብቻ ነው።

እኔ የሄድኩት እ.ኤ.አ. በ2025 ነበር። ያን ዕለት ትዕግሥት አሰፋ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በመግባት ሴቶች ብቻ በሚወዳደሩበት ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እኛ ግን ከኋላ የምትመጣ ሌላ ኢትዮጵያዊት እየጠበቅን ነበር። ታላቅ እህቴ እዚያው ለንደን ነርስ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ከባድ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ደረጃ መውጣት እንኳን ያቅታት ነበር። ያን ዕለት ግን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ልትሮጥ ተነሳች። ከእኔ ጋር የቆመችው እዚያ ተወልዳ ያደገች የዘጠኝ ዓመት ልጇ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙም አትናገርም።

በእንግሊዝኛ ሰው የሚበረታታባቸውን ቃላት በሙሉ በአንድ ቀን መስማት ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ቃላቱ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ይለወጣሉ። ግሪንዊች አካባቢ፣ ከመነሻው አጠገብ፣ የሚሰማው «ጉድ ላክ» ነው፤ መልካም ዕድል። ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ይህን ቃል የሚናገር እምብዛም አያገኙም። አሮጌዋ መርከብ ካቲ ሳርክ ጋ፣ 10ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሯጩ ገና ፊቱ ስላልጠቆረ «ሉኪንግ ጉድ» ይሉታል፤ «አምሮብሃል» እንደማለት ነው። ታወር ብሪጅ ላይ፣ ግማሹ መንገድ ሊደርስ ሲል፣ «ካም ኦን» እና «ጎ ኦን» ይነግሣሉ። ቃል በቃል ከወሰዷቸው አንዱ «ና» ሌላው «ሂድ» ነው፤ አንዱ ከፊት ሆኖ ይጠራል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ብዙዎቹ ሯጮች ስማቸው ደረታቸው ላይ ስለሚጻፍ ተመልካቹ በየስማቸው ይጠራቸዋል። የእህቴን ስም ግን በትክክል የጠራ አንድም ሰው አልሰማሁም፤ እሷም ግድ አልሰጣትም፣ እጇን እያወዛወዘች አለፈች።

ከድምፁ አወጣጥም ብዙ ይማራሉ። «ካም ኦን» ድልድዩ ላይ ማበረታቻ ነው። ያው ቃል ጠዋት ጫማውን እያሰረ ለሚዘገይ ልጅ ሲነገር ደግሞ ቁጣ ይሆናል። «ጉድ ፎር ዩ»ም እንዲሁ ነው፤ ከልብ ከተነገረ «ደግ አደረግክ» ማለት ነው፣ ቀዝቅዞ ከወጣ ደግሞ «እና ምን ይጠበስ?» ይመስላል።

ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበት ያልቃል። ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቹ በሚገኙበት ኬነሪ ዎርፍ አካባቢ የሚሰሙት «ኪፕ ጎይንግ» እና «ዲግ ዲፕ» ናቸው። የመጀመሪያው «ቀጥል» ነው። ሁለተኛው «በጥልቀት ቆፍር» እንደማለት ነው፤ ውስጥህ የቀረ ነገር አለና ፈልገህ አውጣው ይላል። «ኦልሞስት ዘር»፣ ማለትም «ደረስክ እኮ»፣ የሚሉም ነበሩ። እህቴ በኋላ እንደነገረችን፣ ከሰማችው ሁሉ ያናደዳት ይሄ ብቻ ነው። ገና ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራታል!

እኛም ያገኘናት እዚሁ ነበር። እየሮጠች ሳይሆን እየተራመደች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። ዙሪያችን ያለው ሰው «ካም ኦን!» እያለ ይጮኻል። ልጅቷ እናቷን በዚያ ሁኔታ አይታ ስለማታውቅ ዝም አለች። ከዚያ «አይዞሽ ማሚ!» አለች። ስትወድቅና ስታለቅስ ከእናቷ የምትሰማው ቃል ነው፤ አሁን መልሳ ሰጠቻት። እህቴ ወደ አጥሩ መጥታ እጇን ያዘቻት። ወዲያው መሮጥ አልጀመረችም፤ ትንሽ ተነፈሰችና በእርምጃ ቀጠለች። ከዓይናችን ከመሰወሯ በፊት ግን ሶምሶማ ጀምራ ነበር።

ወደ መጨረሻው መስመር በባቡር ስንሄድ ልጅቷ «አይዞሽ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። አንድ ቃል አጣሁለት። ሲያዝኑ «ቺን አፕ» አለ፤ አገጭህን ቀና አድርግ። ሲከብድ «ሃንግ ኢን ዘር» አለ፤ አትልቀቅ። ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ «ዘር፣ ዘር» እያሉ ጀርባውን መታ መታ ያደርጋሉ። የእኛው «አይዞሽ» ሦስቱንም ይሸከማል።

በማግስቱ የመታሰቢያ ዕቃ ልንገዛ ስንዞር በየሱቁ፣ በኩባያውም በቲሸርቱም ላይ፣ አንድ መፈክር አየን፦ «ኪፕ ካልም ኤንድ ካሪ ኦን»፤ ተረጋግታችሁ ቀጥሉ። በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ስላለሁ ታሪኩ ይማርከኛል። የእንግሊዝ መንግሥት ጽሑፉን ያሳተመው በ1939 ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ። ለከባዱ የቦምብ ድብደባ ጊዜ ተብሎ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ሳያየው አብዛኛው ተመልሶ ወረቀት ሆነ። በ2000 በሰሜን እንግሊዝ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ተገኘና ዓለምን አዳረሰ። በዚያ የጦርነት ዘመን በየግድግዳው የተለጠፈው ሌላኛው ጽሑፍ ግን «የእናንተ ድፍረት፣ የእናንተ ደስተኛነት፣ የእናንተ ቁርጠኝነት ለእኛ ድል ያመጣል» ይል ነበር። ሕዝቡ አልወደደውም፤ ድካሙ የእናንተ፣ ድሉ የእኛ የሚል መሰለው።

ሰው ከበላዩ ቆሞ የሚናገረውን ማበረታቻ አይወድም። በየቤታችን ልጆቻችንን «ጉድ ጆብ» ማለት እየለመድን ነው፤ ቃሉ ደግ ነው፣ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚነገር ነው። የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ብሎት እርሳሱን የወረወረ ልጅ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ቃል ነው፤ ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰውም ጭምር።

እህቴ ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ሮጣ ገባች። በዚያ ዓመት ከጨረሱት ከ56 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ሆነች።

ለመሄድ ካሰቡ ምክሬ ይህ ነው። ካቲ ሳርክ በጣም ስለሚጨናነቅ ልጅ ይዘው ከሆነ በማለዳ ይድረሱ። አብዛኛው ጎብኚ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ሯጮቹ የሚገቡበትን ቦታ ይመርጣል፤ እዚያ «ዌል ዳን» የሚል ሰው ሞልቷል። እርስዎ ግን ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ይቁሙ። በአማርኛም ቢጮኹ ሯጮቹ ይረዱዎታል።