ቅጠሉ፣ ክኒኑ እና የማይታየው በር

«ዶክተር፣ ሽፈራው እየጠጣሁ ነው። ቀለል ብሎኛል። ክኒኑን ባቋርጠውስ?»

ይህ ጥያቄ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የደም ግፊት ሕሙማንን ለሚከታተል ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ጠያቂዋ ከሁምቦ ቆላ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው የመጡ እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ዛፉ ጓሯቸው ነው። በወላይታና በጋሞ አካባቢ «አለኮ» ይሉታል፤ የአማርኛ ስሙ ሽፈራው ነው፤ ሳይንሱ ደግሞ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ብሎ መዝግቦታል። እናታቸውም አያታቸውም ቀቅለው በልተውታል። አሁን ግን ያው ቅጠል በከተማ ሱቅ ታሽጎ፣ በሻይ መልክ፣ «ለግፊት፣ ለስኳር» ተብሎ ይሸጣል።

ባለሙያው ሁለት ቀላል መልሶች አሉት። አንደኛው «እማማ፣ ይህን የቅጠል ነገር ይተዉት» ነው። ሁለተኛው «አይጎዳም፣ ይጠጡ» ብሎ ካርዱን መመለስ ነው። የመጀመሪያው እናትየውን ያሳፍራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብቻቸውን ይተዋቸዋል። ሁለቱም ግን እውነቱን አይነግሯቸውም።

እውነተኛው መልስ ረጅም መንገድ አለው። የመንገዱን ትልቅ ክፍል የሄዱት ደግሞ ኢትዮጵያዊት ናቸው።

ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን ፊዚዮሎጂስት ናቸው፤ አካል እንዴት እንደሚሠራ ያጠናሉ። ዶክትሬታቸውን በሰው ፊዚዮሎጂ ከጀርመኑ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ አግኝተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ ፕሮፌሰር ሲሆኑ ማዕረጉን ያገኙ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ስማቸው ሲነሳ ብዙ ሰው «የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር» ብሎ እዚያው ይቆማል። ምን እንዳጠኑ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ያጠኑት በአመዛኙ ሁለት ነገር ነው፦ ገበሬውና የእርሻ ሠራተኛው የሚረጨውን መርዝ፣ እንዲሁም ሕዝቡ መድኃኒት ነው የሚለውን ቅጠል። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። አካል ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ዓይነት ቦታ ያመራሉ፤ ወደ ሴል በር።

በሩ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ሴል በስስ የቅባት ሽፋን የተከለለ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ስለሆኑ ሽፋኑን እንዲሁ ማለፍ አይችሉም። የሚያልፉት ከፕሮቲን በተሠሩ ጥቃቅን በሮች ነው፤ የአዮን ቻናል ይባላሉ። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል የሚመታው በእነዚህ በሮች ሥርዓት ነው። የሶዲየም በር ተከፍቶ ምቱን ያስነሳል፤ የካልሲየም በር ተከፍቶ ጡንቻውን ያኮማትራል፤ የፖታሲየም በር ተከፍቶ ያሳርፈዋል። ነርቭም መልእክቱን የሚያስተላልፈው በዚሁ መንገድ ነው።

የደም ሥር ግድግዳም ጡንቻ አለው። በካልሲየም በር ካልሲየም ሲገባ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይወጣል። እናትየው ፌስታል ውስጥ ያለው አምሎዲፒን የሚሠራው ይህን በር በመዝጋት ነው። የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ታሪክ የጀመረው ከሶዶ በጣም ሩቅ ነው። በ1960ዎቹ በጀርመን ፍራይቡርግ አልብሬኽት ፍሌከንሽታይን የተባለ ፊዚዮሎጂስት የልብ ጡንቻን ሲያጠና፣ አንዳንድ መድኃኒቶች ጡንቻውን ልክ ካልሲየም እንደተነፈገ እንደሚያደርጉት አስተዋለ። ያኔ «ይህ ለደሃ አገር ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም ነበር። ዛሬ ግን የዚያ ምርምር ፍሬ በገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ የተሳተፉበት የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ቡድን የሽፈራው ቅጠልን በውሃ ጨምቆ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ጭማቂው ሰመመን ለተሰጣቸው ጊኒ ፒጎች ሲሰጥ የደም ግፊታቸው ወረደ፤ መጠኑ ሲጨምር የበለጠ ወረደ። ቡድኑ በዚህ አልቆመም። ከእንስሳቱ ዋና የደም ሥር ቁራጭ ወስዶ በፖታሲየም ክሎራይድ እንዲኮማተር አደረገ፤ ከዚያ ጭማቂውን ሲጨምርበት የተኮማተረው ሥር ላላ።

ልብ በሉ፣ ፖታሲየሙ የገባው በዘፈቀደ አይደለም። ከሴሉ ውጭ ያለው ፖታሲየም ሲበዛ የሽፋኑ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ የካልሲየም በር ይከፈታል፣ ሥሩ ይኮማተራል። ይህን መኮማተር የሚያላላ ነገር በካልሲየም በር በኩል እየሠራ ሊሆን ይችላል። አያቶች በልምድ የያዙት ቅጠል ሐኪሙ የሚያዝዘው ክኒን የሚነካውን በር ይነካ ይሆናል ማለት ነው።

ይሆናል። ከዚህ ያለፈ ማለት አይቻልም። እንስሳቱ የግፊት በሽተኞች አልነበሩም። ሰውም አይደሉም። ጭማቂው በላብራቶሪ ተለክቶ የተሰጠ እንጂ በጀበና የፈላ አይደለም። የአንድ ጓሮ ቅጠል ከሌላው ጓሮ፣ የበጋው ከክረምቱ እኩል ኃይል አለው የሚል ማረጋገጫም አልቀረበም። ጭማቂው በሩን ራሱን እንደሚዘጋ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኤርቪን ኔየር እና በርት ሳክማን እ.ኤ.አ. በ1976 ከፀጉር በብዙ እጥፍ በቀጠነ የመስታወት ቱቦ ጫፍ በአንድ በር የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለክተው አሳይተዋል፤ በ1991 ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ውድ ነው፣ የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ መርዙ ነው። ፕሮፌሰሯና የሥራ ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ እርሻዎች ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሠራተኞችን አጥንተዋል፤ ስለ መርዙ ያላቸውን ግንዛቤ፣ የሳንባቸውን አቅም፣ በደማቸው ውስጥ ያለውን ኮሊንኢስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም። ኢንዛይሙ ለምን ተለካ? ነርቭ ጡንቻን ሲያዝዝ አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ይልካል፤ መልእክተኛው የጡንቻውን በር ይከፍታል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ መልእክተኛውን አፍርሶ በሩ እንዲዘጋ ያደርጋል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች ይህን አፍራሽ ያስራሉ። ትእዛዙ አያባራም። ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ምራቅና ላብ ይበዛል፣ ሲከፋ መተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ። ዲዲቲ ደግሞ በቀጥታ የነርቩን የሶዲየም በር ገርበብ አድርጎ ይይዘዋል።

ይህ ለወላይታ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች ወደ ኢትዮጵያ በደቡብ በኩል ገብቶ በቆሎውን ሲያጠቃ፣ ብዙ ገበሬ ወደ መርጫው ዞሯል። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲነፍስበት የሚረጭ ወጣት ማታ ራሱን ሲያመው «ፀሐይ መታኝ» ብሎ ይተኛል። ደሙን የሚለካለት ከሌለ ፀሐይ ይሁን መርዝ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ የደቡብ ነው። መርዙን የሚተነፍሰው ሰው የደቡብ ነው። ዕውቀቱ ግን አዲስ አበባ ላብራቶሪ ገብቶ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በመጽሔት ታትሞ ይቀራል። ጥያቄው የተነሳበት ደጃፍ አይመለስም። የአንድ ተመራማሪ ዕድሜ ለዚህ ሁሉ አይበቃም፤ ጥፋቱም የተመራማሪዋ አይደለም። እሳቸው የድርሻቸውን ሠርተዋል። የቀረው መንገድ የሌሎች ነው።

«ገንዘብ የት አለ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የቀረው ሥራ ሁሉ የኖቤል መሣሪያ አይፈልግም። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል። የሕክምና ትምህርት፣ ሆስፒታልና የግብርና ትምህርት በአንድ ከተማ አሉት። ከተማዋም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ፈቃደኛ ሕሙማንን መዝግቦ፣ ክኒናቸውን ሳያስቆም፣ የተለካ ቅጠል ለግማሾቹ ሰጥቶ፣ ግፊታቸውንና ኩላሊታቸውን ለወራት መከታተል የግፊት መለኪያ፣ ላብራቶሪ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚረጩ ወጣቶችን ከርጭት ወቅት በፊትና በኋላ ደማቸውን መለካትም እንዲሁ። ሐኪሙና የግብርና ባለሙያው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ሥራው ይጀመራል።

ካልተጀመረ ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አይቆይም። አሻጊው ይሞላዋል። «ሁሉን ያድናል» የሚል ጽሑፍ ለመለጠፍ ጥናት አያስፈልግም። ጽሑፉን አምና ክኒኗን ያቆመች ሴት ግፊቷ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል፤ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውምና። ቤተሰብ የሚያውቀው አንድ ጧት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ሲል ነው። ያኔ የሚወቀሰው ቅጠሉ ይሆናል፤ ቅጠሉ ግን ምንም ቃል አልገባም ነበር።

የሁምቦዋ እናት ዛሬ ሊሰጣቸው የሚገባው መልስ ይህ ነው፦ «እማማ፣ አለኮውን እንደ ለመዱት ከምግብ ጋር ይብሉት። በዱቄትም በሻይም እንደ መድኃኒት የሚወስዱት ከሆነ ግን ይንገሩኝ፣ ግፊትዎን አብረን እንለካለን። ክኒኑን ግን አያቋርጡ። ክኒኑ በሰው ተፈትኗል፤ ቅጠሉ ገና ነው።»

«ገና ነው» ማለት «አይሆንም» ማለት አይደለም። ሊሠራ የሚገባ ሥራ አለ ማለት ነው። ያን ሥራ ከሶዶ ይልቅ ሊጠይቅ የሚገባው ከተማ የለም፤ ዛፉም ታማሚዋም ያሉት እዚያው ነው።