በበቆጂ ጀሪካኑን ማን ይሸከም?

ዛሬ ወደ አርሲ ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በአዳማ በኩል አድርገን አሰላን ካለፍን በኋላ፣ የገብሱንና የስንዴውን ማሳ ግራና ቀኝ እያየን ሽቅብ ስንጓዝ በቆጂን እናገኛለን። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋም ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ብርዷ አጥንት ይሰብራል። አየሩ ስስ በመሆኑ እንግዳ ሰው ዳገት ሲወጣ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚያ ተወልዶ ያደገ ግን ከልጅነቱ ስለሚለምደው በሩጫ ይበረታበታል።

ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ወጣሁ። ወጣቶቹ በዛፎቹ መካከል ተራ በተራ ተሰልፈው ይሮጣሉ። ልጃገረዶቹ በቁጥርም ሆነ በብርታት ከወንዶቹ አያንሱም። በዚህ ማንም አይደነቅም፤ ከዚህችው ከተማና ከአካባቢዋ የወጡትን እኅቶች ሁሉም ያውቃልና።

ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ልጅ ከወለደች በኋላም ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በዚያው ርቀት ወርቁን ደገመች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የማራቶን ወርቅ ስታገኝ ከአፍሪካ ሴቶች የቀደማት አልነበረም። ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሁለት፣ በ2004 ዓ.ም. በለንደን አንድ ወርቅ ጨምራለች።

ሆኖም ይህ በር ለሴቶች በቀላሉ የተከፈተ አለመሆኑን ልብ እንበል። በ1920 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ፣ «ርቀቱ ለሴት ይከብዳል» ተብሎ ውድድሩ ለ32 ዓመታት ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በማራቶን ሲያሸንፍ ለሴት የተዘጋጀ የማራቶን ውድድር በኦሊምፒክ አልነበረም፤ የተፈቀደላት ከ24 ዓመታት በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. ነው። የሴቶች 10,000 ሜትር ደግሞ በ1981 ዓ.ም. በሴኡል ተጀመረ። በዚያ ኦሊምፒክ አገራችን አልተካፈለችም። እንግዲህ ደራርቱ ያሸነፈችው በርቀቱ የኢትዮጵያ ሴቶች በኦሊምፒክ ለመሮጥ ዕድል ባገኙበት በመጀመሪያው ጊዜ ነበር ማለት ነው! የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ዕድል ነበር።

ዛሬ የውድድሩ በር ተከፍቷል። የቤቱስ በር? ይህንን ለማየት ከጫካው ስትመለስ ያገኘኋትን አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ተከትዬ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ወንድሟም ሯጭ ነው። እናቲቱ ቡና እያፈሉ በኦሮምኛ ሲያጫውቱኝ ልጅቱ ታስተረጉምልኝ ነበር። በዚያ ቤት ከቦኖ ውኃ የሚቀዳው በተራ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የወንድሟ ተራ ሲሆን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእርሷ ነው። የእሑዱ የአባትየው ነው።

«ጎረቤት አልሳቀም?» አልኋቸው።

«ስቋል እንጂ! አሁን ተወው» አሉኝ። «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ ሁለቱም ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው። እርሱ ሮጦ ሲመጣ ቁርስ፣ እርሷ ሮጣ ስትመጣ ግን ጀሪካን የሚጠብቃት ከሆነ፣ ማን ቀድሞ እንደሚደክም ለማወቅ ሽማግሌ መጥራት ያስፈልጋል?»

ከዚያ ቤት ወጥቼ ወደ ቦኖው ወረድሁ። በወረፋው ላይ ቢጫ ጀሪካኗን አስቀድማ የቆመች ልጅ አገኘሁ። ዕድሜዋ 16 ነው። ባለፈው ዓመት ከሯጮቹ አንዷ ነበረች። እናቷ ሲታመሙ እንጀራው፣ ውኃውና ታናናሾቿ በእርሷ ላይ ወደቁ። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቿ ግን ዛሬም ከጫካው አይቀሩም። «መሮጥ ተውሽ?» ብላት፣ «አልተውሁም፤ ጊዜ አጥቼ ነው» አለችኝ። እኛ ስንነጋገር ከልምምድ የሚመለሱት ሯጮች በአጠገባችን አለፉ። እርሷ አልተመለከተቻቸውም። ጀሪካኗን አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋ አደረገች።

ውድ አንባብያን፣ ያቺን ልጅ እንዳትሮጥ የከለከላት ሕግ የለም፤ አትችይም ያላት አሠልጣኝም የለም። ያስቀራት አንድ ጀሪካን ነው። ያንን ጀሪካን ደግሞ በየቤታችን እናውቀዋለን። ሴት ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት፣ ወንዱ ሲመለስ ኳስ ሜዳ የምንልክ እናቶች ጥቂቶች አይደለንም። ወንድ ልጃችንን ውኃ ቅዳ፣ ዕቃ እጠብ ብንለው ክብሩ አይቀንስም። ልጃገረዷ ግን በቀን አንድ ሰዓት ታገኛለች። አንዷ ትሮጥበታለች፤ ሌላዋ ታጠናበታለች፤ ሌላዋም አርፋ ትተኛበታለች።

አባቶችም ከበቆጂው አባት የእሑዱን ተራ ይውሰዱ። ትምህርት ቤቶችም አንዲት ልጅ ከሜዳ ስትጠፋ ስሟን ከመሰረዛቸው በፊት ቤቷ ድረስ ሄደው ምክንያቱን ይጠይቁ።

ከበቆጂ ስመለስ አውቶቡሱ በቦኖው አጠገብ አለፈ። ወረፋው አሁንም ረጅም ነበር። ከመካከላቸው ወንዶችን ስቆጥር ሁለት ብቻ አገኘሁ።