በቤት ስለ መማርና የሚጠቅመውን ስለ መምረጥ

አባቶቻችን አንድ መጽሐፍ ለማግኘት ከአገር አገር ይዞሩ ነበር። መጽሐፍ የሚያስጽፍ ሰውም ብራናውን አስፍቆ፣ ቀለሙን አስበጥብጦ፣ ለጸሐፊው ቀለብ ሰፍሮ ረዥም ጊዜ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ በእጁ የገባ እንደ ሆነ የቱን ላንብብ ብሎ አይጨነቅም፤ ያለው ያው አንዱ ነውና። በኛ ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ አንዲት የእጅ ስልክ ያላት ተማሪ በአንድ ሌሊት ዕድሜዋን ሙሉ አንብባ የማትጨርሰውን መጽሐፍ ልታወርድ ትችላለች። እኔም ይህን አይቼ የትምህርት ችግር አለቀ ብዬ አምኜ ነበር። እንዴት እንደ ተሳሳትሁና ከስሕተቴም ማን እንዳወጣኝ ለአንባቢዎች ልተርክ እወዳለሁ፤ ልጅ የሚያስተምር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታልና።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በ4ኛው ቀን ተነገረ፤ በ7ኛውም ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ለ15 ቀን ተብሎ የተዘጋው በር እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ሳይከፈት ቈየ። በዚያን ጊዜ የእኅቴ ልጅ በደብረ ብርሃን ከኔ ጋር ተቀምጣ የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን ትማር ነበር። እናቷ፣ ይኸውም ታላቅ እኅቴ፣ በመንዝ ገጠር ትኖራለች። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በሳምንቱ እኅቴ ደውላ፣ «ወንድሜ፣ ልጄ ሥራ ፈትታ ከከተማ ምን ታደርጋለች? ትምጣና ታግዘኝ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቱን ለልጃችን ስጡን የሚሉ ሰዎች ሽማግሌ መላካቸውን ነገረችኝ። እኔም ልጅቱ አንድ ጊዜ ከሄደች እንደማትመለስ ስለ ገባኝ፣ «እትዬ፣ ግድ የለሽም፣ ከኔ ዘንድ ትቈይ፤ ትምህርቷ አይቋረጥም፤ እኔ ዋስ ነኝ» አልኋት። እኅቴ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲያስ ቃልህን ይዣለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ዋስ መሆን ቀላል ነው፤ መክፈል ግን ይከብዳል። እኔ ዕድሜዬን በሒሳብ ሹምነት ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ፤ መዝገብ ማደራጀት እንጂ ማስተማር አላውቅም። ስለዚህ በማውቀው ሥራ ጀመርሁ፤ ይኸውም ማከማቸት ነው። በቴሌግራም የ12ኛ ክፍል ትምህርት የሚያድሉትን ቻናሎች አንድ በአንድ እየገባሁ፣ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች፣ ማስታወሻዎችን፣ ወርክሺቶችንና ቪዲዮዎችን ሰበሰብሁ። ከጡረታዬም ላይ እየቀነስሁ የዳታ ጥቅል ገዛሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 340 ፋይል ስላከማቸሁ፣ ለጎረቤቶቼ «የኛ ልጅ ትምህርት ቤት ከምትሄድ ይልቅ በቤቷ ተቀምጣ ብዙ ተምራለች» እያልሁ እመካ ነበር።

ልጅቱም ታዛዥ ናትና ያመጣሁላትን ሁሉ ለማንበብ ከጠዋት እስከ ማታ አንገቷን ደፍታ ትውል ነበር። ዳሩ ግን በሚያዝያ ወር አንድ ማታ ራቷን ሳትበላ ስታለቅስ አገኘኋት። «ምን ሆንሽ ልጄ?» ብላት፣ ከስልኳ ላይ ሁለት ወረቀቶች አሳየችኝ። በሁለቱም ላይ የተጻፈው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፦ አንድን ቍጥር በራሱ አባዝተህ 4 ብትቀንስለት፣ የቀረውንም ከዚያው ቍጥር 2 ተቀንሶ በሚቀረው ብታካፍለው፣ ቍጥሩ ወደ 2 እየተጠጋ ሲሄድ ውጤቱ ወደ ምን ይጠጋል? የሚል ነው። የአንደኛው ወረቀት መልስ «4» ሲል፣ የሁለተኛው «መልስ የለውም» ይል ነበር።

«ጋሼ፣ መልስ የለውም የሚለውን ወረቀት ሳምንት ሙሉ ሸምድጄዋለሁ። እሱ ሐሰት ከሆነ የሌላውን እውነትነት በምን አውቃለሁ? ያመጡልኝ ብዙ ነው፤ የቱን እንደማምን ግን ጠፋኝ» አለችኝ።

እኔም የምመልሰው አጣሁ። ከ340ው ፋይል አንዱን እንኳ ማን እንደ ጻፈው ጠይቄ አላውቅም ነበር። በሥራ ዘመኔ ፊርማና ማኅተም የሌለው ደረሰኝ ቢመጣልኝ ከመዝገብ አላገባውም፤ ለልጄ አእምሮ ግን ባለቤቱ ያልታወቀውን ሁሉ አስገባሁበት። ይህን እያሰብሁ ሳለሁ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ከሌሎች ደብተሮች ሥር ተጭኖ አየሁት። አሮጌ ነው ብዬ ግለጪው ብያት አላውቅም ነበር። «እስቲ ይህ ምን ይላል?» ብዬ አቀበልኋት።

ከሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ገልጣ ጥቂት አነበበችና እርሳስ አነሣች። ከዚያ በኋላ በራሷ ቍጥር እያስገባች ትሠራ ጀመር። ቍጥሩ 1.9 ሲሆን ውጤቱ 3.9 ሆነ፤ 1.99 ሲሆን 3.99 ሆነ፤ ከ2 በላይ ባለው በኩልም 2.01 ብታስገባ 4.01 ሆነ። ያን ጊዜ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ 4 ነው! መልስ የለውም ያለው ሰው፣ ራሱን 2ን አስገብቶ 0 ለ0 ሲሆንበት ጊዜ ተስፋ ቈርጦ ተመልሷል። ጥያቄው ግን ስለ መጠጋት ነው፤ ድረስ ያለው የለም» አለችኝ። እንባዋ ገና ሳይደርቅ ሳቀች። በዚያች ማታ ያየሁትን ደስታ 340ው ፋይል አንድ ቀን እንኳ አላሳየኝም።

በማግሥቱ ሥራውን ከሥሩ ጀመርነው። ከአሮጌ መዝገቤ አንድ ባለ መሥመር ወረቀት ቀድጄ ሰጠኋት፤ እሷም የሒሳብ መጽሐፏን 9 ምዕራፎች በአንድ ዓምድ ወደ ታች ጻፈች። በአጠገቡም ሦስት ዓምድ አሰመረች፤ አንዱ «የሚያስረዳ»፣ ሁለተኛው «የሚያለማምድ»፣ ሦስተኛው «ራሴን የፈተንሁበት ቀን» የሚል ነው። ለፊዚክሱም 8 ምዕራፎች እንዲሁ አደረገች። ለአንድ ምዕራፍ ከአንድ የሚያስረዳና ከአንድ የሚያለማምድ በላይ እንዳይገባ ተስማማን። ሌላውን ሁሉ ደመሰስነው።

እንግዲህ በዚያ ወረቀት ላይ ምን ምን እንደ ተጻፈ ልንገራችሁ። ለሒሳቡ የሚያስረዳት ካን አካዳሚ ነበረ። ይህ ትምህርት አጀማመሩ የኔን ነገር ይመስላልና ታሪኩን ስሰማ ወደድሁት። ሳልማን ካን የተባለ አሜሪካዊ በ2004 እ.ኤ.አ. በሌላ ከተማ ለምትኖር አንዲት ዘመዱ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ያስረዳት ጀመር፤ ሌሎች ዘመዶቹም እንዲሁ አስረዳን ባሉት ጊዜ፣ ከ2006 ጀምሮ ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጸ በዩቲዩብ አኖረው፤ በ2008ም ማኅበሩን አቋቋመ። እስከ ዛሬም ያለ ክፍያ ያስተምራል። ለፊዚክሱ ደግሞ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ፌት የተባለው ሥራ ጠቀማት። በዚህ ላይ ተማሪው ባትሪውን፣ ሽቦውንና አምፖሉን በስክሪን ላይ በጣቱ እየገጣጠመ፣ አምፖሉ መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚደክም ያያል። ብዙዎቹም አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ንባብ ባነሳት ጊዜም፣ በአሜሪካ ያለው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፐንስታክስ በሚል ስም በነጻ ከሚያድላቸው መጻሕፍት የሚያስፈልገንን ምዕራፍ ብቻ እንወስድ ነበር። አብዛኞቹ ለኮሌጅ ጀማሪዎች የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ ሁሉን አንብቢ ማለት ሌላ ሸክም መጫን ይሆናልና።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የተዘጋጁት ለሌላ አገር ልጆች ነው። የኛን መጽሐፍ ተራ አይከተሉም፤ እንግሊዝኛቸውም ይፈጥናል። ስለዚህ ፍጥነቱን ቀንሳ፣ ከሥር የሚጻፈውንም እያነበበች ታዳምጥ ነበር። ከጨረሰችም በኋላ ስልኩን አስቀምጣ ለኔ በአማርኛ ታስረዳኛለች። እኔ ከገባኝ አልፋለች ማለት ነው፤ ካልገባኝ ተመልሳ ታዳምጣለች። እንዲህ በማድረግ፣ ማስተማር የማላውቀው ሰው ባለማወቄ ጠቀምኋት።

አዲስ ነገር በመጣ ቍጥርም አራት ነገር እንጠይቅ ነበር። አንደኛ፣ ያዘጋጀው ማን ነው? ሁለተኛ፣ የመልሱን ፊደል ብቻ ይነግራል ወይስ አሠራሩንም ያሳያል? ሦስተኛ፣ መልሱን አስቀድመን በምናውቀው ጥያቄ ብንፈትነው ከመጽሐፉ ጋር ይስማማልን? አራተኛ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋ ከኛ ጋር ይቀራልን? በነዚህ ያላለፈውን አናስገባም። የሚገባውንም ሌሊት የጥቅል ዋጋ በሚረክስበት ሰዓት አውርደን በሚሞሪ ካርድ እናኖረዋለን።

በግንቦት ወር አንድ ያልታወቀ ሰው በቴሌግራም፣ «የዘንድሮው ፈተና በእጄ ነው፤ 500 ብር ላኩ» ብሎ ጻፈ። ነውሬን ልደብቅ አልወድምና፣ የእኅቴን ቃል እያሰብሁ ብሩን ልልክ ተነሥቼ ነበር። ልጅቱ ግን፣ «ጋሼ፣ ፈተናው የሚሰጥበት ቀን ገና ሳይቈረጥ ጥያቄው ከየት ወጣ? ደግሞስ እውነት ቢሆን በሌብነት ልለፍ ይላሉ?» አለችኝ። አፈርሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልሁ ያደግሁት ሰውዬ ከልጅ ተማርሁ።

በሰኔ 22 ቀን ድምፃዊው ሀጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። አገሩም ታወከ፤ በማግሥቱም ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቈየ። ብዙ ሺህ ተከታይ የነበራቸው ቻናሎች ሁሉ ዝም አሉ። ያን ጊዜ በጎረቤት ያሉ ተማሪዎች፣ በመጀመሪያ አንድ፣ ኋላም አራት ሆነው ወደኛ መጡ። አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በግቢው ውስጥ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ልጅቱም በካርዷ ያለውን በብሉቱዝ አካፈለቻቸው። ወረቀቷንም እያዩ ገለበጡ። እንዲህም ሆኖ አምስቱም ያልፈቱት ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ በሰፈራችን ወደሚኖሩ አንድ መምህር አጥር ሄደው ይጮሁ ነበር። መምህሩም ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ ይሉና፣ «ይህ መሥመር ከየት መጣ? ከዚህ በላይ ያለውን መልሳችሁ ሥሩ» ይሏቸዋል። ቪዲዮው አንድን ነገር መቶ ጊዜ ቢደግም አይሰለችም፤ ተማሪው የት ላይ እንደ ሳተ አይቶ የሚነግረው ግን ሰው ነው። ይህን በአጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ።

ፈተናው በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ ተሰጠ። በፊዚክስ የተመኘችውን ያህል አላገኘችም፤ በሒሳብ ግን ከጠበቀችው በላይ አመጣች፤ ዩኒቨርሲቲም ገባች። ለእኅቴ ደውዬ በነገርኋት ጊዜ፣ እንደ ልማዷ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲህ ወንድሜ፣ ዋስነትህ ወረደ» አለችኝ። ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ምን እንደ ተባሉ እኔም አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት መጻሕፍቱ ተለውጠዋል፤ የፈተናውም አሰጣጥ ተለውጧል። ያ ባለ መሥመር ወረቀት ግን ዛሬም ከመዝገቤ ውስጥ አለ። በቅርብ ቀን የጎረቤት ልጅ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ያኔ ያከማቻችሁትን ይስጡኝ፤ በቤቴ ልማርበት» አለኝ። እኔም ወረቀቱን አሳየሁት እንጂ አልሰጠሁትም። በፈንታው አንድ ባዶ ቅጠል ከመዝገቤ ቀድጄ፣ እርሳስ ጨምሬ ሰጠሁትና፣ «በመጀመሪያ መጽሐፍህን አምጣና ምዕራፎቹን ጻፍ» አልሁት። ልጁ ፋይል ፈልጎ ወረቀት ስለ ተቀበለ ቅር ብሎት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን የመጀመሪያውን ዓምድ ሞልቶ፣ በሁለተኛው ላይ ሊያስገባው ያሰበውን አንድ ቪዲዮ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ይህን አብረን እንፈትነው?» አለኝ።

ስለዚህ፣ ልጅ በቤት የምታስተምሩ አንባቢዎች ሆይ፣ ብዙ ያላችሁ እንደ ሆነ አትመኩ፤ ጥቂት ያላችሁም እንደ ሆነ አትዘኑ። ልጃችሁ የቀረበለትን ነገር በእርሳሱ ፈትኖ «ይህ እውነት ነው» ለማለት ከበቃ፣ ከስልክም ሆነ ከብራና ቢያነብ ተምሯል።